የኤይሊን ግሬይ እጆች

ሐኪም ስለ ወንበርና ስለ ፓራቫን ምን አገባት እንደምትሉ አውቃለሁ። እስቲ ትንሽ ታገሱኝ።

ኤይሊን ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1878 አየርላንድ የተወለደች፣ ፓሪስ የኖረች ዲዛይነር ናት። የላከር ሥራን ፓሪስ ውስጥ ያስተማራት ሴይዞ ሱጋዋራ የሚባል ጃፓናዊ ባለሙያ ነው። የጃፓን ላከር ከዛፍ የሚቀዳ ፈሳሽ ነው። ጉዱ፣ እንዲጠነክር ደረቅ አየር ሳይሆን እርጥብ ክፍል ይፈልጋል። ይቀባል፣ ይጠብቃሉ፣ ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይቀባል፤ አንዳንዴ እስከ 30 ጊዜ።

ታዲያ ፈሳሹ ውስጥ ኡሩሺዮል አለ፤ ቆዳ ያስቆጣል። እጆቿ ላይ ክፉ ሽፍታ ወጣባት። ማንጎ በጥርሱ ልጦ ከንፈሩ ያበጠ ሰው ያከማችሁ ነገሩ አይጠፋችሁም፤ ዛፎቹ ዘመዳሞች ናቸው። እሷ ግን ሥራውን አልተወችም። በኋላ የሠራቻቸው ፓራቫኖች ላከር የተቀቡ ትናንሽ ሰሌዳዎች በብረት ዘንግ ተሰክተው የሚዞሩ ናቸው፤ የጃፓን ሥዕል የለባቸውም። ከጃፓን የወሰደችው ሥዕሉን ሳይሆን የእጅ ሥራውን ነው።

በ2009 አንድ ወንበሯ ወደ 22 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። እሷን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ሱጋዋራን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

እኛስ? የመጀመሪያዋን ስፌት ስንሰፋ እጃችንን ይዘው ያሳዩን ነርሶች በዚህ የዓመት መጽሐፍ ውስጥ የሉም። አዘጋጆቹን የምለምነው ለሚቀጥለው እትም አንድ ገጽ እንድትሰጧቸው ነው። ስማቸውን እኔ እሰበስባለሁ፤ የምታስታውሱትን ከምሳ በፊት ንገሩኝ።