አጽናኙ አስቀድሞ ይዘጋጅ
(ለድርጅታችን ወዳጆች የተደረገ ንግግር)



አደጋ ደረሰ ሲባል ሁላችንም አስቀድመን የምናስበው ስለ እህል፣ ስለ ብርድ ልብስና ስለ ድንኳን ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የተራበ ሰው ሳይበላ አይጽናናም። ዛሬ ግን በጆንያ ስለማይጫን እርዳታ ልንነግራችሁ ወደድን።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ተራራ ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ማለቃቸውን ታስታውሳላችሁ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቀበሌ አጽናኙ ማን ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ አስተማሪውም፣ የዕድሩ ዳኛም፣ ወንጌላዊውም ራሳቸው ሐዘንተኞች ናቸው። በዚያች ሳምንት «ኑ፣ እናሠልጥናችሁ» ቢባሉ ለመማር ማን ልብ አለው? ሥልጠናው ከአደጋው በፊት ይሰጥ የምንለው ስለዚህ ነው።

ትምህርቱ ረጅም አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ከወርልድ ቪዥንና ከዋር ትራውማ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይጠቀልለዋል፤ ተመልከት፣ አድምጥ፣ አገናኝ። አስቸጋሪው ማድመጡ ነው። ሐዘንተኛው ያየውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲዘረግፍ ማስገደድ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ በጥናት ታውቋል። «አታልቅስ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ አፍ ማዘጋትም (በእኛ በአማኞች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው) ማጽናናት አይደለም። አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ውሃ ማቀበል፣ ልጅዋ የጠፋባትን እናት ከሚፈልጉላት ሰዎች ጋር ማገናኘት ይበልጣል።

አብዛኛው ሰው በጊዜ ብዛትና በዘመድ እርዳታ ይበረታል። ከሳምንታት በኋላም እንቅልፍ ያጣውንና ሥራው ያቃተውን ለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ የሠልጣኙ ድርሻ ነው፤ ራሴን አጠፋለሁ የሚለውን ግን አንድ ቀን እንኳ ማሳደር አይገባም፤ ብቻውንም አይተዉትም።

የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ መሄድ ብዙ ጊዜ የሚታይ ጉድለት ነው። ሠራተኛው የሚያማክረው ሰው፣ በተራው የሚተካው ባልደረባና የዕረፍት ቀን ያስፈልገዋል። ይህ ወጪ ለፎቶግራፍ አይመችም፤ በዚህ ጋዜጣ ላይ እንደ ተከመረ ዱቄት አያምርም። ቢሆንም ከስጦታችሁ ጥቂቱን፣ ናዳ ለሚያሰጋቸው የደጋ ቀበሌዎች፣ ክረምት ሳይገባ ለዚሁ ሥራ እንድትመድቡልን እንለምናችኋለን።