የሊቅ ምክርና የሹም ትእዛዝ እስከ የት ይደርሳል?

(ለእርዳታና ለሰፈራ ሥራ ባልደረቦች በአዳማ የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የተጋበዝሁት ስለ ማስታወቂያ ሥራ ነው። ማስታወቂያ ግን ከራሱ የሚያመነጨው ቃል የለውም፤ ባለሙያ ያረጋገጠውንና ባለሥልጣን የፈቀደውን ተቀብሎ ለሕዝብ ያደርሳል። በመሆኑም ሁለቱ በተሳሳቱ ጊዜ ስሕተቱን በድምፅ ማጉያ የሚያሰማው እርሱ ነው። ይህም በእኔ ላይ ደርሷል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ ሲመረቅ የመክፈቻውን ቃል ያነበብሁት እኔ ነበርሁ። የያዝሁት ወረቀት ውኃው ተመርምሮ ለመጠጥ ተስማሚ ሆኖ መገኘቱን ይገልጻል። አንብቤ እንደጨረስሁ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ከታች መንደር ያለው ጉድጓድ የልጆቻችንን ጥርስ አበላሽቷል። ይህኛውስ ከዚያው መሬት የወጣ አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም፣ «አባቴ፣ አይሥጉ፤ ባለሙያዎች መርምረውታል» አልኋቸው። እውነት ነው፤ መርምረውታል። የመረመሩት ግን በሽታ አምጪ ተሕዋስያን መኖር አለመኖራቸውን ብቻ ነበር። የፍሎራይዱ ውጤት ከወራት በኋላ ሲመጣ ከተፈቀደው መጠን በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። እኒያን ሽማግሌ ሁለተኛ አላየኋቸውም፤ ባያቸውም ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ለአካባቢው አዲስ የሆናችሁ ትኖሩ ይሆናልና ነገሩን ላብራራ። ከአዳማ አንሥቶ በመቂና በባቱ (በዝዋይ) በኩል እስከ ሐዋሳ በሚዘልቀው ሸለቆ መሬቱ ከእሳተ ገሞራ የመጣ በመሆኑ ከሥሩ የሚወጣው ውኃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአካባቢያችን ከ10 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። የሕፃናት ጥርስ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱና መገጣጠሚያው እየደረቀ ወገቡን ማቃናት ይሳነዋል። የታወቀው ምሳሌ ወንጂ ነው። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በሠራተኞች መንደሮች የጉድጓድ ውኃ ለዓመታት ተጠጣ። ጉድጓድ የሚቆፈረው ሰውን ከድፍርስ የወንዝ ውኃና ከሚያስከትለው በሽታ ለማዳን ነው፤ ውኃውም ለዓይን ጥሩ ነበር። ጉዳቱ የተነበበው በጠጪዎቹ ጥርስና አጥንት ላይ ነው።

የጉዳቱን ምክንያት ያገኘው ሳይንስ ራሱ መሆኑን መካድ አይገባም። መፍትሔም አቅርቧል። አንደኛው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ግን ከሰሉ ከምን እንስሳ አጥንት እንደተሠራ ሳያውቅ ውኃውን አይጠጣም። ሁለተኛው አሉምና ኖራ ከውኃ ጋር አዋሕዶ ማጥለል ሲሆን፣ በየቀኑ በልክ የሚመዝን ሰው ይፈልጋል። መዛኙ ለቅሶ የሄደ ዕለት ማን ይመዝናል? በመመሪያው ላይ ይህ አልተጻፈም። ከዚህም የሚከብድ አለ። አንዲት እናት በደጇ ፍሎራይድ የበዛበት ቦኖ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ደግሞ ከብት የሚጠጣው ኩሬ አላት እንበል። የኩሬው ውኃ ሕፃኑን በተቅማጥ በዚህ ወር ሊገድለው ይችላል፤ የቦኖው ከ20 ዓመት በኋላ ያጎብጠዋል። ቤተ ሙከራው ሁለቱንም አደጋ በቁጥር ይነግረናል፤ የቱን እንደምትመርጥ ግን ከእርስዋ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል።

ስለ ሥልጣንም የምናስታውሰው አለን። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ታላቅ ረሀብ እየመጣ መሆኑን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። ዕውቀቱ አልጎደለም። ለጋሾቹ ቸል አሉ፤ መንግሥትም በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለሚያከብረው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰፈራ በትእዛዝ ፍጥነት ተካሄደ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋና ወደ ሌሎች የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ተጓጓዘ። የተሰጠው ምክንያት ሳይንሳዊ ነበር፦ ደጋው ተራቁቷል፣ ምዕራቡ ዝናብ አለው። የዝናቡ ልኬት አልዋሸም። ይሁን እንጂ በቆላው ወባ ሰውን፣ ገንዲ በሬውን ጠበቀው፤ ባዶ የተባለውም መሬት የጉሙዝና የአኙዋክ አገር ነበር። ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው ተወስደዋል፤ ቤተሰብ ተለያይቷል። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎች ወደ መጡበት ተመለሱ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራ ፈቃደኝነትንና ከክልል አለመውጣትን በመመሪያው አስፍሯል፤ መመሪያው ሁሉ በተግባር ተፈጸመ ባይባልም፣ ያለፈው እንዳልተረሳ ያሳያል።

ወደ ሠፈራችን ልመለስ። ከዚህ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ያለው የመልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል በ1961 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚደርስ ዘር ሲያወጣ ኖሯል። አጭር ማሽላ ለድርቅ ዘመን ተስማሚ ነው። ገበሬው ግን ከማሽላ የሚፈልገው ፍሬውን ብቻ አይደለም፤ አገዳው የከብት መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው። ስለዚህ ምርት የጨመረለትን ዘር ሲተወው የተመለከተ ሰው ገበሬው ኋላ ቀር ነው ይል ነበር (እኔም በአንድ የማስተማሪያ ወረቀት ላይ ይህን ቃል ጽፌአለሁ)። ኋላ ተመራማሪዎቹ ገበሬዎችን፣ ሴቶችንም ጭምር፣ ወደ ሙከራው ማሳ ጠርተው ከዝርያዎቹ መካከል ራሳቸው እንዲመርጡ ማድረግ ጀመሩ።

እኛ ዘንድ የጉድጓድ ማስረከቢያ ቅጽ የሦስት ሰው ፊርማ አለበት፦ የመሐንዲስ፣ የጤና ባለሙያና የአስተዳደር። የመንደሩ ሰዎች ስለ አካባቢው ውኃ የተናገሩት የሚጻፍበት አራተኛ መስመር እንዲጨመር አመልክቼ መልስ አላገኘሁም። እስከዚያው ከቅጹ ጀርባ በእጄ እጽፈዋለሁ፤ የፍሎራይድ ውጤትም ካልተያያዘበት በምረቃ ላይ አላነብም።