ምልክት የሌለው ስሌት



ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር፣ በአብነት ትምህርት ቤት አልፈው የሚመጡ ተማሪዎች የስሌትን ቅደም ተከተል እንደ ባዕድ ሕግ ሲሸመድዱት ማየት ያሳዝነኛል። እስኪ ፳፻፲፯ን እናንብብ። አስቀድሞ 20 በ100 ይባዛል፤ ከዚያ 17 ይደመራል፤ 2017። መደመሩ ቢቀድም 20 ጊዜ 117፣ ማለትም 2340 በሆነ ነበር። የማባዣም የመደመሪያም ምልክት አልተጻፈም፤ የአብነቱ ተማሪ ግን አይስተውም።

የርቢ ሕግም እዚያው አለ። ፻ በ፻ ሲባዛ ፼ ነው፤ 10² × 10² = 10⁴። ይህ ምሳሌ ግን ያታልላል፤ 2 እና 2 ቢደመሩም ቢባዙም 4 ናቸውና። ፈታኙ ፻፼ ነው፤ 10² × 10⁴። ርቢዎቹ ሲደመሩ 10⁶፣ አንድ ሚሊዮን ይሆናል። ቢባዙ 10⁸ በወጣ ነበር፤ ያንን ግን የግእዝ ጸሐፊ ለይቶ ፼፼ ብሎ ይጽፈዋል።