ለአዲሶቹ ጠረጴዛዎቻችን የትኛው ቅብ ይሻላል?

(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት ከዋንዛ ያሠራናቸው 6 ጠረጴዛዎች ዕቃ ቤታችን ገብተዋል። እንጨቱ ግን ገና ራቁቱን ነው። ባለፈው ስብሰባ «እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ወፈር ያለ ቅብ ይቀቡ» ስለ ተባለ እኛ የኮሚቴው አባሎች አናጢዎችን ጠይቀን፣ በቁራጭ እንጨትም ሞክረን ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን።

ጎማላካ የሚባለው በሕንድና በታይላንድ አገር ዛፍ ላይ ትንንሽ ነፍሳት ከሚያወጡት ሙጫ ይገኛል፤ በአልኮል ይሟሟል። የዋንዛውን ቀለም ያወጣዋል፣ ለቁም ሣጥን ግሩም ነው። ግን የኛ ጠረጴዛ የሚዘረጋው ድንኳን ውስጥ ነው እኮ! አረቄ ከፈሰሰበት ይለቃል፣ ትኩስ ድስት ካረፈበት ነጭ ክብ ያወጣል። ትተነዋል።

ብዙዎቻችሁ የወደዳችሁት ኤፖክሲውን ነው፤ ሆቴል ቤት ያያችሁትን፣ እንደ ብርጭቆ የወፈረውን። እውነት ነው፣ አንዴ ፈስሶ ያን ያህል ውፍረት የሚሰጥ ሌላ አላገኘንም። ነገር ግን ሁለቱ ፈሳሾች ፋብሪካው በጻፈው ልክ ካልተመጠኑ ሲያጣብቅ ይኖራል። ማጠንከሪያውን ማብዛትም ያበላሸዋል እንጂ ቶሎ አያደርቀውም። ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆናል፣ ከእሳት የወረደ ድስት ያለሰልሰዋል። ሲጫርም ማደሱ አስቸጋሪ ነው፤ የኛ ጠረጴዛዎች ደግሞ በጋሪ እየተጫኑ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረቡ ነው የሚኖሩት። ዋጋውንም ገንዘብ ያዡ ይነግሯችኋል። ለሐዘንተኛ የምንሰጠውን ገንዘብ ለማብለጭለጫ ማዋል ለኛ አልተዋጠልንም።

ስለዚህ የመረጥነው በዘይት የተሠራውን የፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ነው። ይኸ አረቄውንም ሙቀቱንም ከጎማላካ ይልቅ ይችላል፣ ሲጫርም አሽቶ መደረብ ይቻላል። ውፍረቱ ግን ባንዴ በመለቅለቅ አይመጣም፤ እንዲያ ከሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ይሸበሸባል። የመጀመሪያውን በአኳራጅ አቅጥኖ፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ መደረብ ነው። በየመሐሉ አንድ ቀን ይደር፣ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ይታሽ፣ አቧራው ይጠረግ። ጣሳውን መነቅነቅ አረፋ ያመጣል፤ በእንጨት ማማሰል ይበቃል። የደረቀ ቢመስልም እስኪጠና አንድ ወር ያህል ስለሚፈልግ፣ እስከዚያ ትኩስ ዕቃ አይቀመጥበት። በክረምት እርጥበት መድረቂያው ስለሚዘገይ ሥራው ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። ሲቀባ በርና መስኮት ይከፈት፣ የከሰል ምድጃና ሲጋራ አይጠጋ። ቅቡ የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ቀልድ አይደለም፣ ድንኳናችንም እዚያው ዕቃ ቤት ነው ያለው! ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር።

የሞከርንባቸው 3 ቁራጭ እንጨቶች ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እየነካካችሁ እዩአቸው። ውሳኔው ከጸደቀ ቅዳሜ ጧት በ2 ሰዓት እንጀምራለን፤ ብሩሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ጋቢያችሁን ግን ቤት ተዉት፣ ክሩ ቅቡ ላይ ይቀራል።