የራዲዮ ድምፅ በወሰን ምድር፤ ስለ ኃይል ማጉያ አሠራርና ስለ ብልሽቱ ምርመራ



ሐምዳይት በምሥራቅ ሱዳን፥ የሱዳን፥ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን በሚገናኝበት አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ተከዜ በዚያ ቆላ ሰቲት እየተባለ በአጠገቧ ያልፋል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ሕዝቡ ወንዙን በትንንሽ ጀልባ እየተሻገረ ወደ ሐምዳይት ጎረፈ፤ በመጀመሪያው አንድ ወር ውስጥ ብቻ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ስደተኛ ከ40,000 በላይ ነበር። በዚያው ወራት በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ተቋርጦ ስለ ነበር፥ ከወዲህ ማዶ የደረሰው ሰው ከወዲያ ማዶ የቀረው ወገኑ በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅበት መንገድ አጣ። እናት ስለ ልጇ፥ ባል ስለ ሚስቱ አንዲት ቃል ለመስማት በወንዙ ዳር ቆመው ተሻጋሪውን ሁሉ ከመጠየቅ በቀር ሌላ ዘዴ አልነበራቸውም።

ስልክ በሌለበት ምድር ቃልን ከሩቅ ወደ ሩቅ የሚያደርስ አንድ የቆየ ጥበብ አለ፤ እርሱም የአጭር ሞገድ ራዲዮ ነው። ከሐምዳይት እስከ ገዳሪፍ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፥ እስከ አዲስ አበባም በቀጥታ መስመር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ርቀት የአጭር ሞገድ ያለ ማማና ያለ ሽቦ ይሻገረዋል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የሰማይ ንጣፍ ላይ ተመልሶ ይወርዳልና። በ1995 ዓ.ም. በጄኔቭ የተደረገው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ጉባኤ፥ የአማተር ራዲዮ ጣቢያዎች በአደጋና በረድኤት ጊዜ የሌሎችን ሰዎች መልእክት ከአገር ወደ አገር እንዲያስተላልፉ ፈቅዷል። አማተር የሚባለውም ደመወዝ ሳይፈልግ፥ ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲል፥ ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ ራዲዮ የሚሠራ ሰው ነው።

ይህ ሥራ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እስከ 1969 ዓ.ም. በአሥመራ በነበረው የቃኘው ጣቢያ ኢቲ3ዩኤስኤ የተባለ የአማተር ጣቢያ ይሠራ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ኢቲ3ኤኤ በሚባለው መጠሪያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ተማሪዎችን ለዚህ ሙያ አብቅቷል። ነገር ግን ወደዚህ ጥበብ የሚቀርብ ወጣት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «መሣሪያው ስንት ዋት ነው?» ይላል። ስለዚህ ኃይል ማጉያ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፥ ሲታመምም እንዴት እንደሚመረመር ማስተማር ከመምህራን ይጠበቃል።

ማጉያ ኃይልን ከምንም አይፈጥርም። በመስኖ የሚያርስ ገበሬ የቦዩን በር በአንድ እጁ ይከፍታል፥ ይዘጋል፤ እርሻውን የሚያጠጣው ግን የእጁ ጉልበት ሳይሆን ከወንዙ የመጣው ውኃ ነው። እንዲሁም ከማይክሮፎን የተነሣው ደካማ ምልክት በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ እጅ ነው፤ ውኃው፥ ማለት ኃይሉ፥ የሚመጣው ከባትሪው ወይም ከጄኔሬተሩ ነው። በሩም ቱቦ ወይም ትራንዚስተር ይሆናል። ከወንዙ ውኃ ሁሉ ወደ እርሻው እንደማይደርስ፥ ከባትሪው ኃይል ሁሉ ወደ አንቴናው አይደርስም። ድምፅ በትክክል የሚያጎላ ማጉያ ከሚቀበለው ኃይል በግምት ግማሹን ሞገድ ያደርገዋል፥ ግማሹ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ሒሳቡን በሐምዳይት ምድር እናቁመው። 100 ዋት የሚያወጣ መሣሪያ ከ12 ቮልት ባትሪ እስከ 20 አምፔር ይስባል። ባትሪው 100 አምፔር ሰዓት ቢሆንና እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀምበት፥ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያናግራል። 1,000 ዋት የሚያወጣ ማጉያ ግን ከመቶ 60 እጅ ቢሠራም ወደ 1,700 ዋት ገደማ ይበላል፤ ይህም ከዚያው ባትሪ 140 አምፔር ማለት ነው። ያን ጊዜ ባትሪው የሚቆየው 21 ደቂቃ ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ ወጪ የሚገኘው ትርፍ ምንድር ነው? በመቀበያ ላይ የምልክት ብርታት ኤስ እየተባለ በእርከን ይቆጠራል፤ አንድ እርከን ለመውጣት ኃይሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ከ100 ወደ 1,000 ዋት የተደረገው ዕድገት ሁለት እርከን እንኳ አይሞላም። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በ100 ኪሎ ዋት ማስተላለፊያ ይናገር የነበረው በየቤቱ ላለች ተራ ራዲዮን ሁሉ ለመሰማት ነው፤ አንድ ጣቢያ ከአንድ ጣቢያ ጋር ለመነጋገር ግን ይህን የመሰለ ጉልበት አያስፈልገውም።

ከዚህም በላይ ማጉያ አፍን እንጂ ጆሮን አያሰፋም። የራሱን ድምፅ አጉልቶ የወገኑን መልስ የማይሰማ ጣቢያ ጩኸት እንጂ ንግግር የለውም። አንቴና ግን ለመናገርም ለመስማትም እኩል ይጠቅማል። ለ7 ሜጋኸርዝ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሜትር የሆነ ሽቦ በመካከሉ ተቆርጦ፥ በሁለት ዛፎች መካከል ከምድር ሰባት ወይም አሥር ሜትር ከፍ ብሎ ቢሰቀል፥ ሞገዱን ወደ ላይ ልኮ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ዙሪያ ያወርደዋል። በሌሊት ሰማዩ ሲለወጥ ወደ 3.5 ሜጋኸርዝ መውረድና ሽቦውን ወደ 40 ሜትር ማስረዘም ይገባል። የሞርስ ፊደል የሚያውቅ ሠራተኛም ሌላ ማጉያ አለው፤ ንግግር 2,400 ኸርዝ ስፋት ሲፈልግ ሞርስ 240 ኸርዝ ይበቃዋልና፥ መቀበያው ከአሥር እጅ ዘጠኙን ጫጫታ በውጭ ያስቀረዋል። በመለማመድ የተገኘ ይህ ዕውቀት ኃይሉን አሥር እጥፍ እንደ ማሳደግ ይቆጠራል፥ ባትሪም አይበላም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማጉያ የሚያስፈልግ ከሆነ፥ ሠሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሙቀትን ያስብ። ትራንዚስተር በውስጡ 150 ዲግሪ ድረስ ይታገሣል እንበል። 100 ዋት ሙቀት የሚያፈልቅ ቢሆንና፥ ሙቀቱን ወደ አየር የሚያደርሰው መንገድ ለእያንዳንዱ ዋት አንድ ዲግሪ ቢጨምር፥ ከአካባቢው አየር በ100 ዲግሪ ይበልጣል። አየሩ 20 ዲግሪ በሆነበት ደጋ 120 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ በሚያዝያ ቆላ፥ አየሩ 45 ዲግሪ ሲሆን ግን 145 ይደርሳል፥ ለሞቱም አምስት ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል። በደጋ በደኅና የሠራ መሣሪያ በቆላ ቢቃጠል ምሥጢሩ ይህ ነው። መድኃኒቱም ሰፊ የአሉሚኒየም ማብረጃ፥ አቧራው በየጊዜው የሚጠረግለት ነፋስ ሰጪና ኃይልን ቀነስ አድርጎ መሥራት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ታማኝነት ነው። ለሞርስ ብቻ የሚሠራ ማጉያ በመደብ ሲ ቢዘጋጅ ኃይል ይቆጥባል፤ የሰውን ንግግር በአንድ ወገን ሞገድ ለማጉላት ግን መደብ ኤቢ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ድምፅ በሌለበት ጊዜ እንኳ ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት እንዲያልፍ ይደረጋል ማለት ነው። የመስኖው በር ወለል ብሎ ከተከፈተ በኋላ እጅን የበለጠ ማንሣት ውኃ እንደማይጨምር፥ ማጉያንም ከልኩ በላይ መንዳት ድምፁን ከማበላሸት በቀር ኃይል አይጨምርም። የተቆረጠው የድምፅ ጫፍ ወደ ጎረቤት ሞገዶች ይረጫል፤ በ7.1 ሜጋኸርዝ የተነገረውም በ14.2 እና በ21.3 ይሰማል። ስለዚህ ከማጉያው በኋላ ከፍተኛውን ሞገድ የሚያግድ ማጣሪያ ሳይኖር አንቴና አይገጠምም። ማጉያ የተሰጠውን ያጎላል፤ ጥሩ ቃል ቢሰጡት ቃሉን፥ ጉድለት ቢሰጡት ጉድለቱን።

አሁን ወደ ብልሽት ምርመራ እንምጣ። 100 ዋት ሊሰጥ የሚገባው ማጉያ 40 ብቻ ቢሰጥ፥ ችኩሉ ሰው ወዲያው ትራንዚስተሩን ነቅሎ ይለውጣል። አዲሱም እንደ ፊተኛው ይሆናል ወይም ይቃጠላል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ሥርዓት ያለው መርማሪ ግን በመጀመሪያ አንቴናውን ፈትቶ በምትኩ 50 ኦም የሆነ፥ ኃይሉን የሚችል ሬዚስተር ይገጥማል። ኃይሉ በዚህ ከተስተካከለ በሽታው ከማጉያው ሳይሆን ከአንቴናው ወይም ከገመዱ ነው። የቆመው ሞገድ መጠን ሦስት ለአንድ ሲሆን ከኃይሉ አንድ አራተኛው ተመልሶ ይመጣል፤ ብዙ የትራንዚስተር መሣሪያዎችም ራሳቸውን ለማዳን ኃይላቸውን ይቀንሳሉ። የገዳሪፍ ጥቁር መሬት በክረምት ጭቃ ሆኖ፥ በበጋ ተሰነጣጥቆ ስለሚደርቅ፥ በምድር የተቀበረው ዘንግ መንካቱን፥ የገመዱም መጋጠሚያ አለመዛጉን ማየት ይገባል።

በሬዚስተሩም ላይ ኃይሉ ካነሰ ቮልቱ ይለካል፤ የሚለካውም ከባትሪው ላይ ሳይሆን ከማጉያው መግቢያ፥ መሣሪያው ዝም ባለበት ሳይሆን በሚናገርበት ጊዜ ነው። ቀጭን ሽቦና የላላ ብሎን በአንድነት 0.1 ኦም ብቻ ቢኖራቸው፥ 20 አምፔር ሲያልፍ 2 ቮልት ይጠፋል። በዕረፍት ጊዜ 12.6 የነበረው በሥራ ጊዜ 10.6 ይሆናል፥ ድምፁም ይሰነጠቃል። በዕረፍት የተለካ መሣሪያ ጤነኛ ይመስላል፤ በሥራ ላይ የተለካ ግን እውነቱን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ወደ ማጉያው የሚገባው ምልክት፥ ቀጥሎ የዕረፍት ፍሰቱ፥ ቀጥሎ ማጣሪያው፥ በመጨረሻ ትራንዚስተሩ በተራ ይመረመራል። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፥ የተገኘውም ቁጥር በደብተር ይጻፋል። ማንም ሳይናገር መለኪያው ቢዘል፥ ማጉያው ራሱ ማፍለቅ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መውጫው ወደ መግቢያው የሚመለስበት መንገድ ተፈልጎ በብረት ግድግዳና በአጭር ሽቦ ይዘጋል።

በተለይ ለመምህራን የሚገባ ማስጠንቀቂያ አለ። የቱቦ ማጉያ ከ2,000 እስከ 3,000 ቮልት ይይዛል፤ ይህ ያለ ጥርጥር ይገድላል። መሰኪያው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተሮቹ ቮልቱን አቍረው ይቆያሉ። ስለዚህ ኃይሉን የሚያፈስ ሬዚስተር ሊኖርበት፥ ከመነካቱም በፊት በማይነዝር እጀታ በተያዘ ዘንግ ወደ ምድር ሊፈስና በመለኪያ ባዶነቱ ሊረጋገጥ ይገባል። እንዲህ ያለው መሣሪያ የተማሪ መልመጃ መሆን የለበትም። ለትምህርት ቤት በ12 ቮልት የሚሠራ፥ አንድ ወይም አምስት ዋት የሚያወጣ፥ በሬዚስተር ላይ ብቻ የሚፈተን ማጉያ ይበቃል፤ ኦምን፥ ሙቀትንና ሞገድን ሁሉ በእርሱ ማስተማር ይቻላል። አንቴና የሚገጠምበት ቀን ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በወሰንና በጦርነት ምድር ያለ ፈቃድ የሚናገር ራዲዮ ባለቤቱን ለጥርጣሬና ለአደጋ ይዳርጋልና።

ይህን ለማስተማር ባለጸጋ ትምህርት ቤት መሆን አያስፈልግም። አንድ መለኪያ፥ አንድ ባትሪ፥ ጥቂት ሽቦና ቁጥርን የሚመዘግብ ደብተር ካሉ ትምህርቱ ይጀመራል። አንድ ተማሪ ዋት ከመቍጠሩ በፊት አንቴናውን፥ ትራንዚስተር ከመለወጡ በፊት ብሎኑን ማየት ከለመደ፥ አስተማሪው ድካሙን አላባከነም። እንደ ሐምዳይት ባለ ስፍራ፥ መስመር ሁሉ በተቋረጠበት ቀን፥ በወንዝ ዳር ለቆመች እናት የሚጠቅማት ትልቁ ማጉያ አይደለም፤ በትንሽ ባትሪ፥ በደኅና በተሰቀለ ሽቦ፥ በተማረ እጅ የሚሠራና የልጇን መልስ የሚሰማላት ጣቢያ ነው።