መዝሙሩን ማን ይመርጣል?



የልጆች አገልግሎት ተመራቂዎች፣ ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ሕፃን አዝላችሁ ስትማሩ እንደ ከረማችሁ ሰምቻለሁ። ጋባዦቼ «ከልዩ ልዩ ባህል የመጡ ልጆችን በአንድ ቤት ስለ ማገልገል ንገሪን» ሲሉኝ ጥያቄው ከዚህ ሰፈር የወጣ መሆኑ ገብቶኛል። ይህች ቤተ ክርስቲያን ያለችው በኮንዶሚኒየም መንደር ነው። ኮንዶሚኒየም ሰው ጎረቤቱን መርጦ የሚገባበት ሰፈር አይደለም፤ ዕጣ የደረሰው ገብቷል፣ ያልደረሰው ተከራይቷል። በአንድ ብሎክ ደረጃ ላይ ከሶዶ የመጣ መምህር፣ ከዓድዋ የመጣች ነርስ፣ ከወልቂጤ የመጣ ነጋዴና ከነቀምት የመጣ ሾፌር እየተላለፉ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እሑድ ጠዋት የእነዚህ ሁሉ ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከ80 በላይ ቋንቋ የሚነገርባት አገር በአንዲት የልጆች ክፍል ውስጥ ተሰብስባ ትጠብቃችኋለች ማለት ነው።

ይህን ስብጥር ስናይ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን የባህል ቀን ነው። ልጆቹ የየአካባቢያቸውን ልብስ ይለብሳሉ፤ የዶርዜ ጥበብ፣ ሹሩባ፣ ጨሌ በየዓይነቱ ይታያል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ወላጅ ደስ ይለዋል። ቀኑን አልቃወምም። ነገር ግን በሚቀጥለው እሑድ ያው መምህር፣ ያው መዝሙር፣ በቀደመው ቋንቋ የተነገረ ያው ታሪክ ከተመለሰ ልጁ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ የቤቱ ነገር በዓመት አንድ ቀን የሚታይ ጌጥ መሆኑን። ልጆች ይህን ለመረዳት ማንም እንዲያስረዳቸው አይጠብቁም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ዲያቆናት ስንሾም ነው። እኔ ደግሞ የልጆች አገልጋይ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነበው ይገባል እላለሁ። በኢየሩሳሌም የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ገና በጨቅላነቷ ሁለት ወገን ነበሯት፤ የአገሬውን ቋንቋ የሚናገሩና ከውጭ መጥተው ግሪክኛ የሚናገሩ። የዕለት ምግብ ሲታደል የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይታለፉ ነበር። ማን እንዳለፋቸው ጸሐፊው አይነግረንም፤ ሆን ተብሎ ነውም አይልም። አዳዩ የሚያውቃቸውን፣ አነጋገራቸው የሚገባውን አስቀድሞ አይቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መዘንጋት በየጉባኤያችን አለ፤ ክፋት ሳይኖርበትም ያስርባል።

ሐዋርያት ስለ አንድነት ሰብከው ብቻ አላለፉም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ስማቸውን ልብ በሉ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። ኒቆላዎስ እንዲያውም ትውልዱ ከአይሁድ አልነበረም፤ ወደ ይሁዲነት የገባ የአንጾኪያ ሰው ነው። ስማቸው እንደሚያመለክተው ማዕዱን እንዲመሩ የተሾሙት ቅሬታ ካቀረበው ወገን ነው። ለተዘነጉት ተጨማሪ ዳቦ መላክ ይቻል ነበር። ጉባኤው ግን የማደሉን ሥልጣን አሳልፎ ሰጠ።

ከነዚህ ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ፣ ሁለት ምዕራፍ አለፍ ስንል፣ በጋዛ መንገድ ኢሳይያስን እያነበበ ወደሚሄደው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሠረገላ ሲሮጥ እናገኘዋለን። በምዕራፍ 21 ደግሞ ጳውሎስ በቂሣርያ በፊልጶስ ቤት ሲያርፍ፣ ፊልጶስ ትንቢት የሚናገሩ አራት ልጃገረድ ሴቶች ልጆች እንዳሉት ይነገረናል። በኢየሩሳሌም ስለ እንጀራ የተነሣ ቅሬታ በቅንነት ባይሰማ ኖሮ ይህን ሰው በማዕዱ አገልግሎት ባላገኘነውም ነበር።

ተመራቂዎች፣ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። ልዩ ልዩ ልጆችን በአንድ ክፍል መቀበል መጀመሪያው ነው። ሥራው የሚያልቀው መዝሙሩን የሚመርጡት፣ ታሪኩን የሚተርኩት፣ የእሑዱን መርሐ ግብር የሚያወጡት ሰዎች እስከ አሁን ከተዘነጉት ቤቶችም ሲመጡ ነው።

አሁን እባካችሁ በሐሳብ ወደ አዳራሹ በር እንውጣ። ሁላችሁም የምታውቋት ልጅ እዚያ ቆማለች። ዕድሜዋ ቢበዛ አሥራ አራት ነው። ትንሹን አዝላ፣ ትልቁን በእጇ ይዛ ትመጣለች፤ ጫማቸውን ታወልቃለች፤ ክፍል ታስገባቸዋለች፤ ከዚያ እስኪጨርሱ ግድግዳ ተደግፋ ትጠብቃለች። ከከምባታ ወይም ከሃዲያ፣ ከጋሞ ወይም ከጎጃም ዘመድ ወይም ደላላ ያመጣት ናት። አማርኛ አፏ ላይ ገና ያልተፈታላትም ትኖራለች። አገሯ ሳለች በአጥቢያዋ መዘምራን ፊት ቆማ ትዘምር የነበረችም ትኖራለች። በመዝገባችን ላይ ስሟ የለም፤ ስናነሣትም «ሠራተኛዋ» ብለን ነው። መዝገባችን ደግሞ የልጆች አገልግሎት እስከ አሥራ አራት ዓመት ላሉ ነው ይላል። እንግዲህ እሷም የእናንተ ተማሪ ናት። ልጆች የያዘችን ልጅ ከልጆች ክፍል ውጭ አቁመን «ሕፃናት ወደ እኔ ይምጡ» የሚለውን ቃል ውስጥ እናስተምራለን።

እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ በአክብሮት እለምናችኋለሁ፤ ያቺን አንድ ሰዓት ስጧት። ወንድና ሴት ልጆቻችሁን የምታደርሰው እሷ ከሆነች አብራቸው ገብታ ትቀመጥ። በሳምንቱ ውስጥም የማታ ትምህርት ቤት እንድትመዘገብ አድርጉ። ተመራቂዎች ደግሞ እንደ ረዳት ብቻ አትዩዋት፤ ወንበር ደርዳሪ፣ አፍንጫ ጠራጊ አታድርጓት። ስሟን ጠይቁ። የምታውቀውን መዝሙር ጠይቁ። ስትደፍር፣ የእሷ መዝሙር የክፍሉ መዝሙር ይሁን፤ የቤቱ ባለቤት ልጅ ከእሷ ይማር። በዚያ ቤት ውስጥ ማን ማንን ማስተማር እንደሚችል ያ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ያውቃል። መንገድ ዳር ጫማ የሚጠርጉት ሊስትሮ ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ እሑድ ጠዋት ሥራቸው የሚበዛው እኛ ጫማችንን አስጠርገን ወደ አምልኮ ስለምንገባ ነው። ለእነሱ ከሰዓት በኋላ ክፍል መክፈት ይቻላል።

በአገራችን የወንጌል ታሪክ ውስጥ በዚያች ልጅ ቦታ የነበረች አንዲት ሴት አለች። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ተነጥቃ ለባርነት የተዳረገች ኦሮሞ ነበረች። በቀይ ባሕር ላይ የጣሊያን መርከብ አስለቀቃትና በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ሳለች በልጅነቷ ሰምታ በቃሏ የያዘቻቸውን የሕዝቧን ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችና ዘፈኖች መዝግባ አኖረች። ከዚህ ስብስብ የተወሰደው ለጀማሪ አንባቢዎች የሚሆን የኦሮምኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የወጣው ከዚያ 5 ዓመት በኋላ በ1899 ነው። ከትርጉሙ ጋር የምናውቀው ስም የተርጓሚው የኦኔሲሞስ ነሲብ ነው፤ እሱም በልጅነቱ በባርነት የተሸጠ ነበር። ነገር ግን ያለ አስቴር የቃላት ሀብት ያ ትርጉም በዚያ መልኩ ባልተሠራ ነበር። ማንም ያልቆጠራት ልጅ ቃሉን ለሕዝቧ ለማድረስ ያስፈለገውን ሁሉ ይዛ ነበር የተወሰደችው። የሚጠይቃት ሰው ስታገኝ ሰጠች።

ስለዚህ በክፍላችሁ መጠየቅን ተለማመዱ፤ አጠያየቁም ይታሰብበት። በመመዝገቢያ ቅጻችሁ ላይ «ብሔር» የምትል መስመር ካለች አውጧት። ሕፃን በዚያች መስመር ላይ ራሱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም፤ ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ ሌላ የሆነ ልጅ ደግሞ ገና በር ላይ ለሁለት ይከፈላል። በምትኩ ለወላጅ «ልጁ ከአያቱ ጋር በምን ቋንቋ ይነጋገራል? ማታ በምን ቋንቋ ትጸልያላችሁ?» የሚል ጻፉ። መልሱ ለመምህሩ ይጠቅመዋል፤ ልጁንም አያስጨንቅም።

ጢሞቴዎስ እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ግሪካዊ፤ በከተማው በልስጥራን ደግሞ ሕዝቡ ሲደነግጥ በሊቃኦንያ ቋንቋ እንደሚጮኽ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ እናነባለን። በዚህ ሁሉ መካከል ያደገውን ልጅ ቅዱሳት መጻሕፍትን ከሕፃንነቱ አሳውቀው ያሳደጉት አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ ናቸው። የእኛ ከተማ ልጆችም አያት አላቸው። የሳምንቱን የቃል ጥናት ጥቅስ ልጁ በቤቱ ቋንቋ ከአያቱ ጋር አጥንቶ ይምጣ። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታትሟል፤ በስልክ የሚደመጥም አለ። በክፍል ውስጥ በአማርኛ ከተባለ በኋላ አንድ ልጅ በቋንቋው ያሰማ፣ ሌሎቹም ከአንደበቱ እየተቀበሉ ይበሉት። ሁለት ደቂቃ የማይወስድ ነገር ነው። ለገጠሯ አያት ግን በከተማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድርሻ ይሰጣታል።

ከእንግሊዝኛ እየተተረጎመ የሚመጣውን የትምህርት መጽሐፍም ዓይናችሁን ገልጣችሁ ተጠቀሙበት። በረዶና የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሞላበት ምሳሌ ለእኛ ልጆች ሩቅ ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ በመከር ሰዓት የሚሰበሰብ ጎረቤት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ እነዚህን ይዟል። በእነዚህ ነገሮች የገጠር ልጅ የከተማውን ልጅ ማስረዳት ይችላል፤ እንዲያስረዳ ቦታ ስጡት። በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ መስማት የተሳናቸው ልጆችም በዚሁ ሐሳብ ውስጥ ናቸው። እነሱም ቋንቋ ያላቸው ልጆች ናቸውና አስተርጓሚ ሲታጣ በሥዕል ብቻ ይቅር አይባል።

ከባዱን ነገር ሳልናገር ብሄድ ትክክል አይሆንም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በፊትና በኋላ በየአካባቢው በደረሱት ግጭቶች፣ ልጆቻችን በየሳሎኑ ብዙ ሰምተዋል። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። የሰሙትን ስድብ ይዘው ምንጣፋችሁ ላይ ይቀመጣሉ፤ አጠገባቸው የሚቀመጠው ደግሞ ስድቡ የተነገረበት ልጅ ነው። አንድ ልጅ ቋንቋው ከስልክ ላይ ሲሰማ ዝም ማለት ከጀመረ፣ ስሙን ሲጠሩት ዙሪያውን ካየ፣ አስተውሉት። በወገኑ ስለ ተደረገ ነገር ወይም ወገኑ አደረገ ስለ ተባለ ነገር ማንም ልጅ በክፍላችሁ መልስ እንዲሰጥ አታድርጉ። ስድብ የተናገረውን ልጅም በሌሎች ፊት አታዋርዱት፤ ያስተማረው ትልቅ ሰው ነውና ቤቱ ሄዳችሁ ወላጆቹን አነጋግሩ። ሲመሽ፣ ቡና ሲፈላ፣ በትሕትና። ይህ ጉብኝት ከስብከት ይልቅ ይከብዳል፤ የሚቆጣችሁም አባት ይኖራል። ብትፈሩ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ካልሄዳችሁ ግን ያ ስድብ በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳል።

ለሽማግሌዎች አንድ ነገር ላንሣ። በወላይታ እ.ኤ.አ. በ1937 የውጭ ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ አማኞቹ መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከወረራው በኋላ ሲመለሱ የጠበቋቸው ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ምእመናን ናቸው። በእነዚያ የስደት ዓመታት ወንጌሉን በገዛ ቋንቋቸው ያዳረሱት፣ ጉባኤውንም የመሩት አገሬዎቹ ነበሩ። መንፈስ ቅዱስ እንደ ሠራ አምናለሁ፤ የሠራው ግን ለመምራት በተፈቀደላቸው ሰዎች በኩል ነው። የልጆች አገልግሎት ኮሚቴ ስታዋቅሩ ይህን አስቡ። ኮሚቴው ሁሉ አንድ ሰፈር ያደገ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ፣ ቅን ቢሆንም መዘንጋቱ አይቀርም። አማርኛቸው የተሰባበረ እናቶችን ሰብስባችሁ አማክሩ ማለቴ ብቻ አይደለም፤ ድምፅ ስጧቸው፣ በጀት ሲመደብ ይኑሩ። መርሐ ግብሩ በመጀመሪያው ዓመት ቢንገራገጭ ታገሡት።

የልጆች አገልግሎት በየቤተ ክርስቲያኑ የመጨረሻው ክፍል፣ የተረፈው ወንበርና የተረፈው ገንዘብ የሚሄድበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። እነዚህ ተመራቂዎች ከሰኞ ጀምሮ ባዶ ክፍል እንዳይጠብቃቸው የመማሪያ መሣሪያ፣ በየቋንቋው የታተሙ መጻሕፍትና ለቤት ጉብኝት የሚሆን የመጓጓዣ ገንዘብ በዚህ ዓመት በጀት እንዲያዝላቸው በዚህ ሁሉ ምእመን ፊት እጠይቃችኋለሁ።

ተመራቂዎች፣ አሁን ስማችሁ ሲጠራ ወደ ፊት ትመጣላችሁ። ስማችሁን እናቶቻችሁ እንደሚጠሩት አድርገው እንዲጠሩላችሁ ለአስተባባሪዎቹ ነግሬአለሁ። ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ይጸልዩላችኋል፤ ጸሎቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በወላይትኛ ይሆናል። እግዚአብሔር ይባርካችሁ።