ጽንሱም ሐቅ አለው

(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በሸሪዓችን ያልተወለደ ልጅ እንደሌለ አይቆጠርም። አባቱ ቢሞት ውርሱ ሲከፋፈል የጽንሱ ድርሻ ይቆይለታል። ነፍሰ ጡር እናት ለልጇ ከሰጋች በረመዷን እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። ታዲያ እንዲህ የታሰበለት ጽንስ በእኛ ሐፍረት ምክንያት ሲጎዳ ዝም ማለት ይገባናልን? የዛሬው ርእሳችን ለጆሮ የሚከብድ ነው። በእርግዝና ጊዜ ስለሚገኙ የአባላዘር በሽታዎች፣ በተለይም ስለ ቂጥኝ እንነጋገራለን። ሰሐቢያት ስለ ግል ጉዳያቸው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ይጠይቁ ነበር፤ ሐያእ ከመማር አላገዳቸውም።

ቂጥኝ ተደብቆ የሚኖር በሽታ ነው። መጀመሪያ የማያም ቁስል ይወጣል፤ በሴት ላይ ቁስሉ ወደ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ላታየው ትችላለች። ባይታከምም በጥቂት ሳምንታት ይደርቃል። ቀጥሎ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሳይቀር ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ እሱም ይጠፋል። ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፤ ተሕዋሲው ግን በሰውነቱ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሴቲቱ ስታረግዝ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ጽንሱ ላይ ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ ጽንሱ ሊጨነግፍ፣ ሞቶ ሊወለድ ወይም ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል። በሕይወት የተወለደው ደግሞ መጀመሪያ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ከሳምንታት በኋላ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ሽፍታ፣ የጉበትና የጣፊያ እብጠት፣ የአጥንት ሕመም ይታይበታል። ካልታከመ ዐይኑና ጆሮው ሊጎዱ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) 1.1 ሚሊዮን ያህል ነፍሰ ጡሮች ቂጥኝ እንደነበረባቸውና ከ390 ሺህ በላይ የሆኑ ወሊዶች በዚሁ ምክንያት ለጉዳት እንደተዳረጉ ገምቷል።

ሌሎቹም ቀላል አይደሉም። ጨብጥ በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ዐይን ገብቶ ሊያሳውረው ይችላል፤ ሕፃኑ እንደተወለደ ዐይኑ ላይ የሚቀባው ቅባት ለዚህ ነው። ኤች አይ ቪም ሆነ ሄፓታይተስ ቢ ወደ ልጅ ይተላለፋሉ፤ ኤች አይ ቪን ግን በመድኃኒት፣ ሄፓታይተስ ቢን ደግሞ በመድኃኒትና በክትባት መከላከል ይቻላል።

እህቶችና ወንድሞች፣ የሚያሳዝነው የቂጥኝ መድኃኒት እያለ ሕፃናት መሞታቸው ነው። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ይሠራል፤ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። መድኃኒቱ የቆየና ርካሽ የሆነው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው። በሽታው አዲስ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ የቆየ ወይም መቼ እንደያዘ የማይታወቅ ከሆነ በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ጽንሱን እንዲጠብቅ ግን ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን በፊት መጀመር አለበት። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ ሆድሽ እስኪገፋ አትጠብቂ፤ ማርገዝሽን እንዳወቅሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተም አብረህ ሂድ። ሚስትህ ታክማ አንተ ከቀረህ በሽታውን መልሰህ ትሰጣታለህ። ሁለታችሁም ታክማችሁ ባለሙያው እስኪፈቅድላችሁ ድረስ መታቀብ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ምርመራው በሽታ አለ ካለ ቤቱን በክስ አትሙሉት። በሽታው ከጋብቻ በፊት የያዘና ለዓመታት የተደበቀ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ምርመራ ደግሞ ቀድሞ ታክሞ የዳነንም ሰው አለበት ይላል። ያለ ማስረጃ በትዳር ጓደኛ ላይ ጣት መቀሰር በዲናችን ከባድ ነገር ነው። በተለይ ሴቲቱ ክሱንና ፍቺውን ፈርታ ከምርመራ ከቀረች፣ ዋጋውን የሚከፍለው ምንም የማያውቀው ልጅ ነው። አማቶችም ሆናችሁ እናቶች፣ «እኛ ሳንመረመር ወልደናል» አትበሉ። ከእናንተ መካከል ሞቶ የተወለደ ልጅ የቀበረች ትኖራለች፤ ምክንያቱን ግን የነገራት አልነበረም። ዛሬ ማወቅ ይቻላል።

ሕክምና መሻት ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ልጅ አማና ነው፤ አማናው የሚጀምረው ገና በማሕፀን ሳለ ነው። አላህ ጽንሶቻችንን ይጠብቅልን፤ ልጅ ላጡትም ሰብርን ይስጣቸው። አሚን።